አሥራ አንድ ካሴቶች ወደ ፍላሽ፦ ስለ አንዲት የቱሉ ዲምቱ ሙዚቃ ቤት

በአዲስ አበባው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንዱ ሕንፃ ሥር ካሉት ሱቆች መካከል፣ በፀጉር ቤትና በሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ተጨብጣ የቆመች ጠባብ ሙዚቃ ቤት አለች። በሯ ላይ «ካሴት ወደ ፍላሽ እንቀይራለን» የሚል በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማስታወቂያውን ለአንድ ዓመት ያህል እያየሁ ሳልፈው ከቆየሁ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት አባቴ ትቶልን ያለፈውን የካሴት ሣጥን ይዤ ገባሁ። በሣጥኑ ውስጥ አሥራ አንድ ካሴቶች ነበሩ፤ የጥላሁን ገሠሠ፣ የመሐሙድ አህመድ፣ የአስቴር አወቀና የኤፍሬም ታምሩ ሥራዎች፣ ሌሎችም፣ በመጨረሻም አባቴ በራሱ ምርጫ ያስቀዳው አንድ የቲዲኬ ካሴት። ቤታችን የነበረው ቴፕ ከተበላሸ ብዙ ዓመት ስለሆነው እነዚህን ካሴቶች ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማኋቸውም።

ባለቤቱ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ በመስኮቱ ብርሃን ከመረመሩ በኋላ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጄ፣ ሙሉውን ላውጣልህ ወይስ የምትወዳቸውን ብቻ ልልቀም?» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ የምወዳቸውን ሠላሳ ያህል ዘፈኖች በወረቀት ላይ ጽፌ መጥቼ ነበርና ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ካነበቡት በኋላ የነገሩኝ ነገር ውሳኔዬን ቀየረው። ካሴት የሚቀዳው በሚጫወትበት ፍጥነት ስለሆነ፣ የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከመካከሉ አራት ዘፈን ለመልቀም ክሩን ወደፊትና ወደ ኋላ ማመላለስ ደግሞ ጊዜ ከመቆጠቡ ይልቅ አሮጌ ክር ማድከሙ ያመዝናል። ስለዚህም ዋጋቸው ለሙሉ ካሴት 150 ብር ሲሆን፣ ለተመረጠ ዘፈን በነጠላ 20 ብር ነው። ከአንድ ካሴት ስምንት ዘፈን የሚወድ ሰው ሁሉንም ቢያስቀዳ ይረክሰዋል ማለት ነው። እኔም ሁለቱንም አዘዝኩ፤ በአንዱ ፍላሽ አሥራ አንዱ ካሴቶች እንዳሉ፣ በሌላው በወረቀቴ ላይ የነበሩት ሠላሳ ዘፈኖች ብቻ። ለሁለተኛው የጠየቁኝ የፍላሹን ዋጋ ብቻ ነበር።

ስለ ሥራቸው ጥራት በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ይህን አገልግሎት እንሰጣለን የሚሉ ሌሎች ሰዎች ካሴቱን ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር በአንድ ገመድ አገናኝተው እንዲሁ እንደሚለቁት አይቻለሁና። እኚህ ሰው እያንዳንዱን ካሴት ከመቅዳታቸው በፊት የዴኩን (የማጫወቻውን) ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮልና በጥጥ ያጸዳሉ። ክሩን ወደ ሄዱ ገፍታ የምትይዘዋ ትንሿ ስፖንጅ በሁለት ካሴቶቼ ላይ ተላቃ ወድቃ ስለነበር ከማይሠሩ ካሴቶች አውጥተው ተኩልኝ። ከሁሉም በላይ ያደነቅኩት ግን የሄዱን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ እያዞሩ ለእያንዳንዱ ካሴት የሚስማማውን ማዕዘን መፈለጋቸው ነው። ካሴቱ መጀመሪያ የተቀዳበት መሣሪያና አሁን የሚጫወትበት መሣሪያ የሄዳቸው አቀማመጥ ካልተመሳሰለ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይጠፋሉ፤ ዘፈኑ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ የሚሰማ ይመስላል። አንዱን ካሴት ፊቴ ሲያስተካክሉ፣ እንደታፈነ የቆየው የሳክስፎን ድምፅ በድንገት ጥርት ብሎ ሲወጣ ሰማሁ፤ ያንን ቅጽበት አልረሳውም። ፋይሎቹን በሁለት ዓይነት ያስረክባሉ። ሳይጨመቅ የተቀመጠው በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 600 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ለመኪናና ለስልክ የሚሆነው ኤምፒ3 ግን ከዚያ ሩብ ያህሉን ቢይዝ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ፍላሾች እያቀያየርኩ ሁለት ወር ያህል ሰማሁ። የተመረጡት ሠላሳ ዘፈኖች ያሉበትን ጠዋት ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ በኩል ወደ ሥራ ስሄድ እጠቀምበት ነበር። መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ስልክ፣ አንድ ጊዜ ድንገት የሚገባ ሚኒባስ ሐሳብን ስለሚበታትን፣ ከሌላው ጋር ያልተያያዘ አንድ የሚወዱት ዘፈን መስማት ይስማማል፤ ይህን ጥቅሙን አልክድም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰለቸኝ። እያንዳንዱ ዘፈን ከካሴቱ ውስጥ ጎልቶ የወጣ በመሆኑ አንዱ ከሌላው የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ያለ እንጀራ ወጥ ብቻ እንደ መብላት ነው። የድምፁ መጠንም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ካሴት ጎላ ብሎ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ የተቀዳ ስለሆነ በየአራት ደቂቃው እጄ ወደ ማጫወቻው ይሄድ ነበር።

ሙሉዎቹን ካሴቶች የሰማሁት በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስመላለስ ነው። እህቴ አዳማ ስለምትኖር በወር አንዴ እንኳ እሄዳለሁ፤ የክፍያ መንገዱም የሚጀምረው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ይህም የአንድ ካሴት ዕድሜ ነው ለማለት ይቻላል። የክፍያ ጣቢያውን ስሻገር የጀመርኩት ካሴት አዳማ ከተማ ስገባ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ይደርሳል። ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ፣ ሮሃ ባንድ ያጀበውን አንድ ካሴት እየሰማሁ ሳለ፣ ከሁለተኛው ገጽ ሦስተኛ የሆነውን ዘፈን እንደ አዲስ ሰማሁት። በወረቀቴ ላይ አልነበረም፤ ስሙንም አላስታውሰውም ነበር። ከእርሱ በፊት ያለው ዘፈን ረጅምና ዝግ ያለ የትዝታ ዜማ ነው፤ ድምፃዊው ከዚያ ወጥቶ ወደ ባቲ ቅኝት ሲሻገር፣ ባንዱም ያን ሁሉ ጊዜ ይዞት የቆየውን ከበሮ ሲለቀው፣ በጆሮ ላይ የሚፈጠረው ለውጥ መስኮት እንደ መክፈት ነው። ከአዳማ ስመለስ ያንኑ ዘፈን ለብቻው አውጥቼ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ጥሩ ዘፈን ነው፣ ነገር ግን ያ መከፈት የለውም። የቅኝቱ ለውጥ የሚሰማው ከፊቱ ሌላ ቅኝት ሲኖር ብቻ ነው፤ ትዝታው ሲነሣ የባቲውንም ግማሽ ውበት ይዞት ይሄዳል።

አባቴ ይህን ዘፈን ዘልሎት አያውቅም ነበር፤ ማንም አይዘልም ነበር። ክር ወደፊት ማስኬድ አድካሚ ነው፤ ቴፑ ክሩን ከበላው ደግሞ በእስክሪብቶ እየጠመዘዙ መመለስ ይከተላል። ስለዚህ የማይወዱት ዘፈን ሲመጣ ታግሦ መስማት ግድ ነበር፤ ከሃያና ሠላሳ ጊዜ በኋላም ከማይወዷቸው አንዱ ሳይታወቅ የሚወዱት ይሆናል። እኔ የሠላሳዎቹን ዝርዝር ያወጣሁት ከልጅነት ትዝታዬ ነበርና፣ ያኔ ያልገባኝ ዘፈን ሁሉ ከዝርዝሩ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ባለቤቱ ሙሉውን እንዳስቀዳ በመምከራቸው የማመሰግናቸው።

ይሁንና ሙሉ አልበም መስማት ብቸኛው የአገራችን ወግ እንደሆነ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች አሉና፣ በዚህ አልስማማም። እስከ ዛሬ አዲስ አልበም ሲወጣ «ካሴት አወጣ» የምንለው አልበም በስፋት የገባልን ከካሴት ጋር ስለሆነ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን በአብዛኛው የነጠላ ሸክላ ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አምሃ ሪከርድስ ካሳተማቸው ሥራዎች እጅግ የሚበዙት በእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ ዘፈን የያዙ ትናንሽ ሸክላዎች ነበሩ። ዛሬ ወርቃማ የምንላቸው ብዙ ዘፈኖች ወደ ሰው ጆሮ የገቡት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። በኋላም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪሱ የሙዚቃ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ በኩል ባወጣው ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ብዙዎቹን መርጦ በሲዲ ሰበሰባቸው፤ የውጭው አድማጭ ኢትዮጵያዊ ሙዚቃን በስፋት ያወቀው በዚህ መራጭ እጅ ባለፈ ስብስብ ነው። መምረጥም በራሱ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ይህን በይበልጥ የተረዳሁት ከአባቴ የቲዲኬ ካሴት ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት ነው፤ በሽፋኑ ላይ የዘፈኖቹ ዝርዝር በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአባቴ የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ በጎኑም «ጥር 1979» ይላል። ወላጆቼ የተጋቡት በዚያ ወር ነው። የመጀመሪያው ገጽ በዝግታ ዜማዎች ይጀምርና ቀስ በቀስ እየሞቀ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ገጽ የሚያልቀው በአራት የሠርግ ዘፈኖች ነው። አባቴ ሙዚቃ ቤት ሄዶ፣ ዝርዝሩን ሰጥቶ፣ የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ አስቦ ያስቀዳው ነገር ነው። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ክሩ ስላለቀ አንዱ ዘፈን ከአዝማቹ መካከል ይቋረጣል። ያው ዘፈን ከሌሎቹ ካሴቶች በአንዱ ሙሉውን ስለሚገኝ፣ የተቆረጠውን በሙሉው እንዲተኩልኝ ባለቤቱን ጠየቅኋቸው። እርሳቸው ግን ካሴቱን እንዳለ ከነመቆረጡ በአንድ ፎልደር አስቀምጠው፣ ሙሉውን ዘፈን በሌላ ፎልደር ለብቻው ጨመሩልኝ፤ «ይኼኛው የአባትህ ነው፣ አልነካውም» አሉኝ። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን እናቴ ያንን ካሴት ስትሰማ ከሚቆረጠው ቦታ ላይ ቃሉን ቀድማ ዝም ስትል አይቻለሁ፤ ለእርሷ ዘፈኑ የሚያልቀው እዚያ ነው።

እንግዲህ የእኔ ወገንተኝነት ለቅደም ተከተሉ ነው፤ ያወጣው ድምፃዊውም ይሁን አንድ ሊያገባ የተዘጋጀ ወጣት። የምቃወመው ዘፈኖችን በዘፈቀደ እየቀላቀሉ መስማትን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት አዴል አዲስ አልበሟን ስታወጣ ባቀረበችው ጥያቄ መሠረት በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያሰማው ስፖቲፋይ አልበሞችን በዘፈቀደ ማጫወትን ቀዳሚ ምርጫ አድርጎ ያቀርብ የነበረውን ቁልፍ አንሥቶታል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር እላለሁ። በእኔም ላይ ተመሳሳይ ችግር ደርሷል። በመጀመሪያ የተረከብኩት ፍላሽ ላይ ዘፈኖቹ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ተቆጥረው ስለነበር የመኪናዬ ማጫወቻ ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 11ን እያስከተለ 2ን ወደ ኋላ ጣለው። ካሴት ሙሉ በሙሉ ለመስማት ለሚከፍል ሰው ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ስነግራቸው ግን ወዲያው 01፣ 02 ብለው አስተካክለው ያለ ተጨማሪ ክፍያ መለሱልኝ።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። በአንድ ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራ ሦስት ሳምንት ወስዷል። በተደጋጋሚ መብራት ይጠፋ ስለነበር አርባ ደቂቃ የተቀዳ ካሴት እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረበት፤ ይህ የእርሳቸው ጥፋት ባይሆንም ቀድመው ሊያስጠነቅቁኝ ይገባ ነበር። በሌላ ካሴት ላይ የአንዱ ዘፈን መግቢያ ሁለት ሰኮንድ ያህል ተቆርጧል፤ ይህንንም እስካሁን አላስተካከሉትም። የፋይሎቹ ስም በላቲን ፊደል የተጻፈ ሲሆን አንዱ ድምፃዊ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። ደረሰኝ አይሰጡም። በአንጻሩ ከደንበኛ ካሴት የቀዱትን ለሌላ ሰው እንደማይሸጡ፣ ሥራው ከተረከበ በኋላም ከኮምፒውተራቸው እንደሚያጠፉት ነግረውኛል፤ የእኔንም ፊቴ አጥፍተዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ባለበት አገር ሌላው ሰው ያወጣውን ሥራ በፍላሽ እየሞሉ መሸጥ ከተለመደ በኋላ፣ ይህን ጥንቃቄ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ማየቴ አስደስቶኛል።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ናት፤ እሑድ አይሠሩም። ካሴቶቹን ከመውሰድዎ በፊት ከመጀመሪያው ገጽ መጀመሪያ ላይ እንዲሆኑ ጠምዝዘው ይሂዱ፤ ሻጋታ የታየባቸውን ለብቻ ይያዙ፤ ሽፋኖቹንም አይተዉ፣ ባለቤቱ የዘፈኖቹን ስም የሚያወጡት ከዚያ ላይ ነውና። የተመረጡትን ዘፈኖች የያዘውን ፍላሽ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ። እናቴ ደግሞ ከቁም ሣጥኗ ሥር አሥራ ሁለተኛ ካሴት ስላገኘች ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።