ስሪዴክ፦ የዋሻ ዐለት በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚደርስበትን ጉዳት ለማጥናት

የውኃ ኃይል ተርባይኖች የሚተከሉባቸው ትላልቅ የከርሰ ምድር ዋሻዎች በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ምን እንደሚደርስባቸው ለማስላት ከሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች መካከል፣ ኢታስካ የተባለው ኩባንያ ምርት የሆነው ባለሦስት ልኬቱ ስሪዴክ (3DEC) ለሥራው ጠባይ እጅግ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መሠረቱ ተመራማሪው ፒተር ከንዶል እ.ኤ.አ. በ1971 ያስተዋወቀው የስሌት ዘዴ ሲሆን፣ ዐለቱን እንደ አንድ ወጥ አካል ሳይሆን በስንጥቆች ተለያይተው እርስ በርስ እንደሚነካኩ ብሎኮች ይመለከተዋል።

የዚህ አካሄድ ጥቅም የሚታወቀው የጉዳቱን አመጣጥ ሲያስተውሉ ነው። በሰከንድ 2500 ሜትር የሚጓዝ የሸርተቴ ሞገድ (ዐለቱን ከጉዞው አቅጣጫ ወደ ጎን የሚያወዛውዘው የመንቀጥቀጥ ሞገድ) ድግግሞሹ 5 ኸርዝ ቢሆን ርዝመቱ 500 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ስፋቱ 30 ሜትር የሆነ ዋሻ በአብዛኛው ከዙሪያው ዐለት ጋር አብሮ ይወዛወዛል እንጂ ለብቻው አይናወጥም። ጉዳቱ የሚበረታው ቁፋሮው አስቀድሞ ባላላው ዐለት ላይ፣ በተለይም በረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ነው፤ በዚያ ስንጥቆቹን አጥብቆ የሚይዘው ጫና ስለቀነሰ፣ ብርቱ ውዝዋዜ በመጣ ቁጥር ብሎኮቹ በጥቂቱ ይንሸራተታሉ፣ መንሸራተቱም ወደ ነበረበት ሳይመለስ ይጠራቀማል። ስሪዴክ ይህን መጠራቀም ስንጥቅ በስንጥቅ ማሳየቱ፣ ዐለቱን የሚያስሩት ብረቶችም በየትኛው ስንጥቅ ላይ ከአቅማቸው በላይ እንደሚወጠሩ መለየቱ ትልቁ ብርታቱ ነው።

ሞገዱ ከሞዴሉ ዳር ነጥሮ ተመልሶ ውጤቱን እንዳያዛባ የሚውጡት ጠርዞችም ተዘጋጅተውለታል።

ሆኖም ትዕግሥት ይጠይቃል። ስሌቱ እጅግ አጫጭር በሆኑ የጊዜ እርምጃዎች ስለሚራመድና የብሎኮቹ ክፍልፋዮችም ከሞገዱ ርዝመት አንድ አሥረኛ ገደማ መብለጥ ስለሌለባቸው፣ ረጅም የመንቀጥቀጥ መዝገብ የኮምፒዩተሩን ጊዜ ክፉኛ ይበላል። ከዚህ የሚከብደው ግን የግብዓቱ ጉዳይ ነው፦ የስንጥቆቹ አቅጣጫ፣ እርስ በርስ ያላቸው ርቀትና የሰበቃ ማዕዘን (መንሸራተትን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ የሚያሳየው መለኪያ) በመስክ በጥንቃቄ ካልተለኩ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ያማረ ሥዕል ሐሰተኛ እምነት ያሳድራል፤ ይህ ደግሞ የሰው ሕይወት ባለበት ሥራ አደገኛ ነው።

ዋጋውንና ጊዜውን ለመቆጠብ የዋሻውን አንድ ቁራጭ ገጽ ብቻ የሚያሰላውን ባለሁለት ልኬቱን የኢታስካ ሶፍትዌር ዩዴክን (UDEC) የሚመርጡ አሉ። ዋነኞቹ ስንጥቆች ከዋሻው ርዝመት ጋር ትይዩ ከሆኑ ምርጫው ተገቢ ነው፤ ዋሻውን አግድም የሚያቋርጥ ስብራት ካለ ግን ስሪዴክን እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ።