ቴራፒስት ስትፈልጉ የ20 ቀጠሮ ክፍያ አስቀድማችሁ አትክፈሉ

ገና በመጀመሪያው ስልክ፣ ችግራችሁን እንኳ ሳይሰማ «የ20 ቀጠሮ ባንዴ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ» የሚላችሁ ቴራፒስት (የአእምሮ ችግርን በንግግር የሚያክም ባለሙያ) ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። ሃያ ቀጠሮ በራሱ ብዙ ሆኖ አይደለም፤ ለጭንቀትም ሆነ ለድብርት የሚሰጠው የኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ የሚያክም የንግግር ሕክምና) ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ጥፋቱ ማን እንደሆናችሁ ሳይታወቅ ቁጥሩ መቆረጡ ነው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስቀመጠው፣ በታካሚና በቴራፒስት መካከል ሦስት ነገር መኖር አለበት፦ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ መተማመን። ይህ ደግሞ ቢያንስ 2 ወይም 3 ጊዜ ሳይገናኙ አይታወቅም። የ20 ቀጠሮውን ጥቅል የገዛ ሰው በ3ኛው ቀጠሮ እንዳልተመቸው ቢያውቅም ውሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል አለ። ስለዚህ ብሩ እንዳይባክን ብሎ 17 ቀጠሮ ይታገሳል፤ መጨረሻ ላይ «ቴራፒ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ይሄ ነው።

«ሙሉ በሙሉ ትድናላችሁ፣ ዋስትና እንሰጣለን» ከሚልም ራቁ። ሙያውን የሚያውቅ እንዲህ አይልም።

ከመክፈላችሁ በፊት የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁና ፈቃዱን ከሰጠው አካል ራሳችሁ አጣሩ። በብዙ አገር «የሕይወት አሠልጣኝ» ለመባል ምንም ፈቃድ አያስፈልግም። ቀጥሎ «የእኔን ዓይነት ችግር በምን ዘዴ ታክማለህ?» በሉ። ለምሳሌ እጁን ደጋግሞ ካልታጠበ እረፍት ለሚያጣ የኦሲዲ (የሚረብሽ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም) ታካሚ ዋነኛው የንግግር ሕክምና የሚያስፈራውን ነገር ቀስ በቀስ እየተጋፈጡ ከመታጠብ ራስን መግታት ነው። ይህን የማያውቅ ቴራፒስት ለዚህ ሕመም አይሆንም። ቀጠሮ ለመሰረዝ ስንት ሰዓት ቀድሞ መናገር እንደሚያስፈልግም ጠይቁ፤ ብዙዎች 24 ወይም 48 ሰዓት ይላሉ።

ቁስል ሲነካ መክበዱ ያለ ነው፤ በዚያ ብቻ አትሽሹ። ስለ ራሱ የሚያወራ፣ ያለፈውን ቀጠሮ የሚረሳ፣ ስልኩን የሚነካካ ከሆነ ግን ፊት ለፊት ንገሩት። ጥሩው አዳምጦ ያስተካክላል። ከተቆጣ ወይም ጥፋቱን ወደ እናንተ ከመለሰ ሌላ ፈልጉ።

አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙንና ውሉን ያዙ፣ ያልተጠቀማችሁበት ቀጠሮ ገንዘብ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካለ ለሸማቾች ጥበቃ አቤት በሉ፤ ጉዳዩ የሙያ ሥነ ምግባር ጥሰትም ካለበት ፈቃድ ሰጪውንም አሳውቁ።