የራስቤሪ ፓይ ኤችኪው ካሜራ በደብረ ብርሃን ውርጭ

ሥራዬ የምስል ሴንሰር፣ ማለትም ካሜራ ውስጥ ብርሃንን ወደ ምስል የሚቀይረው ቺፕ፣ ሌይአውት ነው። ብርሃን ተቀባዩ ፎቶዳዮድ የት ይቀመጥ፣ ትራንዚስተሮቹ የት ይግቡ፣ ሽቦው በየት ይለፍ የሚለውን እስላለሁ። ስለዚህ ካሜራ ስመርጥ ከሜጋፒክስሉ በፊት የማየው የአንዷን ፒክስል መጠን ነው።

ራስቤሪ ፓይ ለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር በተሠራው በኤችኪው ካሜራ ውስጥ ያለው የሶኒ አይኤምኤክስ477 ሴንሰር ነው። 12.3 ሜጋፒክስል ሲሆን የአንዷ ፒክስል ጎን 1.55 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው። በሌላው የራስቤሪ ፓይ ካሜራ፣ በካሜራ ሞጁል 2 ላይ 1.12 ነበር። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ በስፋት ሲሰላ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ብርሃን የሚለቀመው ደግሞ በስፋት ነው። እንዲህ በጠበበ ቦታ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቀዋለሁ። አንዷ ፒክስል ላይ የተሳሳተ መስመር ከገባ፣ ስህተቱ 12 ሚሊዮን ጊዜ ይደገማል።

ለገና ቤተሰብ ጥየቃ ደብረ ብርሃን ስመጣ ይዤው መጣሁ። ሌሊት ግቢ ውስጥ አቁሜ ኮከብ አነሳሁበት። በጣም ያስደሰተኝ እዚህ ላይ ነው። ሴንሰር ብርሃን ባያገኘውም ከሙቀት የተነሳ ኤሌክትሮን ያጠራቅማል። ረጅም ጊዜ ከፍተው ሲያነሱ ይሄ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥርም በግምት እጥፍ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ውርጯን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰማዩ ጥቁር፣ ኮከቦቹ ጥርት ብለው ወጡ። እናቴ «ብርድ ይመታሃል» ብላ ጋቢ ደረበችልኝ፤ ለሴንሰሩ ግን ከዚያ ብርድ የሚሻል ነገር የለም።

ለሚሮጥ ነገር አልመክረውም። ሴንሰሩ የሚነበበው መስመር በመስመር ስለሆነ፣ ወደ ጣርማበር ስንሄድ ከሚኒባስ መስኮት ያነሳኋቸው የመብራት ምሰሶዎች ሁሉ ዘመው ወጥተዋል። ሌንስም አብሮት አይመጣም፤ ለብቻው ይገዛል። ፎከሱ በእጅ ነው የሚስተካከለው፣ በዚያ ብርድ ጣት ይደነዝዛል።

ኤሌክትሪካል ምህንድስና ለሚማሩ ልጆች ግን ከልቤ እመክረዋለሁ። ባለ 12 ቢት ጥሬ ዳታ ይሰጣል። ሌንሱን ክደኑና አንዴ በቀትር፣ አንዴ ሌሊት ደጅ፣ ሴንሰሩን ለእኩል ጊዜ ከፍታችሁ ጨለማውን አንሱ። ከዚያ ሁለቱን አወዳድሩ። ከመማሪያ መጽሐፍ ያነበባችሁት ዳርክ ከረንት፣ ያ ከሙቀት የሚመጣው ኤሌክትሮን፣ በዓይናችሁ ይታያችኋል። ከሴንሰሩ ፊት ያለውን የኢንፍራሬድ ማጣሪያ ብቻ አትንቀሉ፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም።