ሶፍትዌሩ ብረቱ የት እንደሚበላ ይናገራል፤ መቼ የሚለውን ግን ለብቻው አትመኑት

ሥራዬ ጥገና ነው። ድንጋይ ከአንዱ ኮንቬየር ወደ ሌላው የሚያወርዱ ቹቶችን እከታተላለሁ። ውስጣቸው የምንለብጠው ላሜራ ያልቃል፣ እንቀይራለን፣ መልሶ ያልቃል። መሥሪያ ቤታችን ይህን አስቀድሞ በኮምፒውተር የሚያሳይ የዲኢኤም ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሲገዛ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልጠበቅኩበትም ነበር።

ዲኢኤም እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻው የሚከታተል ስሌት ነው። ምኑን መታ? ምን ያህል ተንሸራተተ? በምን ኃይል ተጫነ? የብረቱን መበላት የሚያሰላው ደግሞ አርቻርድ የተባለ ተመራማሪ በ1953 ባወጣው ቀመር ነው። ጫናው በተንሸራተተው ርቀት ይባዛል፣ ለብረቱ ጥንካሬ ይካፈላል፣ ውጤቱ ኬ በምትባል፣ ብረቱ በምን ያህል ቅለት እንደሚበላ በምትናገር ቁጥር ይባዛል። ጣጣው ያለው እዚህች ኬ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ብየዳ ቤት ውስጥ ብትጠይቁ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ድንጋዩ ቀጥ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ብዙ የሚበላበትን የሚያሳየውን ቀዩን ቀለም ያሳረፈው ዝቅ ብሎ፣ ፍሰቱ ታጥፎ ግድግዳውን እየታከከ በሚወርድበት ጥግ ላይ ነው። ከዚያው ቹት የወጣውን አሮጌ ላሜራ በአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ለካነው። በጣም የሳሳው ያው ጥግ ነው! የግድግዳውን ዝንባሌ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ስንቀይር ቀዩ ደበዘዘ። አንድም ብረት ሳይቆረጥ ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

መቼ ያልቃል ሲባል ግን ነገሩ ይለያል። ሶፍትዌሩ ይዞት በሚመጣው ኬ ከሠራችሁ ከነነጥቡ ያማረ ቁጥር ይሰጣችኋል። አትመኑት። ኬን ኤኤስቲኤም ጂ65 በሚባል መደበኛ የመበላት ፍተሻ ማግኘት ይቻላል፤ ናሙናው ላስቲክ በለበሰ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ይጫናል፣ በመካከላቸው ደረቅ አሸዋ ይፈሳል፣ የጠፋው ብረት ይለካል። ችግሩ፣ የፍተሻው አሸዋ ክብ ነው፣ የእኛ ድንጋይ ደግሞ ስለታም። ስለዚህ ኬን ካለቀ ላሜራ ወደ ኋላ ማስላቱ ይሻላል። ይህን ካደረግን በኋላ ግምቱ ወደ እውነቱ ተጠጋ።

ማንጋኒዝ ብረት ላይ ግን ሶፍትዌሩ ጨርሶ አይረዳም። ይህ ብረት ሲጀምር ጥንካሬው 200 ብሪኔል (የጥንካሬ መለኪያ) አካባቢ ነው፣ ሲደበደብ ላዩ እየጠነከረ ይሄዳል። እኛ የያዝነው የሶፍትዌሩ ስሪት የሚቀበለው አንድ የጥንካሬ ቁጥር ብቻ ነው። ላሜራው ሲጎደጉድም ቅርጹን አያድስም። እስከ መጨረሻው እንደ አዲስ ያየዋል።

ሌላው ፍጥነት ነው። የስሌቱን እርምጃ የሚወስነው ትንሿ ቅንጣት ናት። የድንጋዩን ዱቄት ካስገባችሁ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለከልክ ያድራል። ስለዚህ ሁሉም ዱቄቱን ያስወጣል። አስቂኙ ነገር፣ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ያለበት ከሆነ ያው ዱቄት ራሱ ከላሜራው ይጠነክራል፣ ላሜራውንም ይበላዋል።

የሻጩ ድጋፍ ሰጪዎች ቶሎ ይመልሳሉ፤ መመሪያው ግን የመበላቱን ክፍል በሁለት ገጽ ገላግሎታል። ቅርጽ ለማወዳደር፣ ወፍራሙን ላሜራ የት እናድርገው ለማለት ከሆነ ያለማመንታት ግዙት። የመለዋወጫ ማዘዣ ቀን ለመቁረጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውፍረት መለኪያ ግዙ፣ በየጊዜው እየለካችሁ መዝግቡ። በሚቀጥለው ስሪት እነዚያን ልኬቶች በቀጥታ የሚያስገባ ቁልፍ ቢጨምሩልን ሌላ አልጠይቅም።