የግል የእትብት ደም ባንክ፦ 2 ኮከብ ከ5

እዚህ ሜሪላንድ ልጄን ስወልድ የእትብቱን ደም በግል ባንክ አስቀመጥን፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ኪቱ በጊዜ ደርሷል ኩሪየሩም ሰዓቱን አክብሮ መጥቶ ወስዷል፣ ሁለቷም ኮከብ ለሱ ናት። ሴልሷ በስልክ "ለልጅሽ ኢንሹራንስ በይው" ምናምን ስትለኝ አመንኳት። ገና ከአራስ ቤት ሳልወጣ የተረከዙ ደም ምርመራ ስኪድ (SCID) የሚባል በሽታ አለበት አለ፣ በሽታ የሚከላከልለት ሴል የለውም፣ ተራ ጉንፋን ሊገድለው ይችላል ማለት ነው። እኔ ሞኟ "ደሙ አለን እኮ!" ስል ዶክተሯ ቀስ ብላ፣ የራሱ ደም ያንኑ የዘር ችግር ስለተሸከመ አይሆነውም አለችኝ። ስትሸጡልኝ ይሄን ለምን አልነገራችሁኝም??

በመጨረሻ የሚተከልለት የእትብት ደም ከህዝብ ባንክ ተገኘ፣ የማላውቃት እናት በነጻ የሰጠችው። የእትብት ደም ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ላይ የተጀመረ ነው፣ ጥሩነቱ እንደ መቅኔ ከለጋሹ ጋር ድፍን ብሎ ባይገጥምም ይሰራል፣ ፍሪዘር ውስጥ ስላለም ለጋሽ ፍለጋ የለም፣ ክፋቱ ልጁ ሰውነት ውስጥ እስኪይዝ ይቆያል፣ እስከዚያ ጀርም እንዳይነካው እጅ መታጠብ ብቻ ቆዳዬን ላጠው። ከረጢቷ እንዴት ትንሽዬ መሰለቻችሁ፣ ገና ደሙን መስጠት ሲጀምሩ ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ፣ የማቆያው ኬሚካል ነው አሉኝ፣ እኔማ ጎረቤት ክፍል ወጥ ተጥዶ መስሎኝ 😂

ቤታችሁ የታመመ ልጅ ካለ የሚወለደውን ማስቀመጥ ያዋጣል፣ ለወንድሙ ሊገጥም ይችላላ። ካለዚያ ለህዝብ ባንክ ስጡ፣ ሆስፒታላችሁ ይሰበስብ እንደሆነ ግን ምጥ ሳይመጣ ጠይቁ።