ፈሳሽ ላቴክስ ለሚያሽጉልን ባለሙያዎች ምስጋና

ላቴክሳችን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የተበተነው ፈሳሽ ጎማ፣ ሳይረጋና ሳይፈስ ደርሷል። በርሜሉን ያሸጋችሁ፣ የጭነት ሰነዱን ያዘጋጃችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ!

ከሁሉ በላይ የምናደንቀው በርሜል ከመንካታቸው በፊት የሚያነሱትን ጥያቄ ነው፦ ጎማው ያለው በውኃ ውስጥ ነው ወይስ በሚተን ማሟሟያ? ደንበኛ ሁለቱንም «ፈሳሽ ጎማ» ይላቸዋል፤ በጭነት ደንብ ግን አይገናኙም። በተቀጣጣይ ማሟሟያ የሟሟው ጎማ በተመድ የአደገኛ ጭነት መለያ ቁጥር 1287 የሚመደብ የክፍል 3 (ተቀጣጣይ ፈሳሽ) አደገኛ ጭነት ነው። በአሞኒያ የተጠበቀው ውኃ አዘል ላቴክስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ ጭነት አይባልም። በውኃ የሟሟ አሞኒያ በቁጥር 2672 የሚገባው አሞኒያው ከ10 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ «ከፍተኛ አሞኒያ» የሚባለው ላቴክስ እንኳ የሚይዘው 0.7 በመቶ ገደማ ነው። ያም ሆኖ በግምት አይሠሩም፤ የአምራቹን የደኅንነት መረጃ ሰነድ ክፍል 14 (ስለ ማጓጓዝ የሚናገረውን) አንብበው ነው የጭነት ሰነዱን የሚሞሉት። ለጉምሩክም የተፈጥሮውን በታሪፍ ቁጥር 4001.10፣ ሰው ሠራሹን በ4002 ሥር ይለያሉ።

ማሸጉ ላይ ጥንቃቄያቸው የሚያስደስት ነው። በርሜሉ ፕላስቲክ ወይም ውስጡ የተለበጠ ብረት ይሆናል። መዳብና ነሐስ ጎማን ስለሚያበላሹ የነሐስ ቧንቧ እንኳ አያስጠጉም። የአሲድ ቅሪት ያለበት ዕቃ ላቴክሱን እዚያው ያረጋዋል፤ ስለዚህ አጥበው አድርቀው ይሞላሉ። ለመስፋፊያ ትንሽ ክፍተት ይተዋሉ፣ ብዙ ግን አይተዉም፤ አየር ሲበዛ ከላይ ቆዳ ይሠራል፣ አሞኒያውም ይሸሻል። የክዳኑን ጎሚኒ በየጊዜው ይለውጣሉ።

60 በመቶ ጎማ ያለው ላቴክስ በሊትር 0.94 ኪሎ ገደማ ነው፤ 200 ሊትሩ 188 ኪሎ ይመዝናል። በሰነዱ ላይ የሚጽፉት ግን ከነበርሜሉ በሚዛን ያዩትን ነው። አራት በርሜል በ1.2 በ1.2 ሜትር ፓሌት ላይ ያስራሉ፤ ጠበብ ያለው ፓሌት ላይ በርሜሉ ከጠርዝ ይወጣና ፎርክሊፍት ይወጋዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ብርድን ነው። አንዴ በረዶ የያዘው ላቴክስ ቢሞቅም አይመለስም። አደገኛ ጭነት ስላልሆነ ብቻ አጓጓዡ የትም ጥግ ሊያቆየው ይችላልና «ከበረዶ ይጠበቅ» የሚለውን በርሜሉም ላይ ሰነዱም ላይ ይጽፋሉ፤ መንገዱ ብርድ ከሆነ ሙቀት ጠባቂ መኪና ያስይዛሉ።

ላቴክስ የምትልኩ ሁሉ፣ እንዲህ የሚጠይቅና እንዲህ የሚያሽግ ሠራተኛ ካገኛችሁ አትልቀቁት። የእኛዎቹ ለተቀባዩም ያስባሉ፤ ጎማው ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋልና፣ ናሙና ከመውሰዱ በፊት አረፋ ሳያስነሳ ቀስ ብሎ እንዲያማስለው በየክዳኑ ላይ ጽፈው ይለጥፋሉ።