5፣ 20፣ 100 ወይስ 1000 ዋት? ጎጃም ላይ ሆናችሁ አማተር ሬድዮ ለምትገዙ

ማርቆስም ባህር ዳርም ፍኖተ ሰላምም ያላችሁ አማተር ሬድዮ (ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ከራስ ጣቢያ ከሌሎች ጋር የሚወራበትን) ልትጀምሩ የምታስቡ ሰዎች መጀመሪያ የምትጠይቁኝ "ስንት ዋት ልግዛ?" ነው፣ መልሴን ስነግራችሁ ደሞ ብዙዎቻችሁ ቅር ይላችኋል፣ ምክንያቱም ዋት በበዛ ቁጥር ሩቅ የሚደርስ ይመስላችኋል። እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የማስበው። ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁና ራሳችሁ ፍረዱ።

መጀመሪያ ግን ይቺን ሂሳብ ያዙልኝ። ሰሚው ሬድዮ ላይ ያለው ኤስ ሜትር (የሚደርሰው ሞገድ ምን ያህል እንደጠነከረ የሚያሳየው መለኪያ) በአንድ ኤስ ከፍ እንዲል ጉልበታችሁ፣ ማለትም ዋቱ፣ 4 እጥፍ መሆን አለበት፣ 6 ዲቢ (ዲሲቤል፣ የጉልበት ልዩነት የሚለካበት) የሚባለው እሱ ነው። ሁለት እጥፍ ብታደርጉት ግማሽ ኤስ ነው፣ ሰሚው ልብም ላይለው ይችላል። እንግዲህ በ100 ዋት ስትናገሩ ኤስ9 ላይ ከተሰማችሁ፣ በዛው አንቴና በዛው ሰዓት 20 ዋት ብታደርጉት ኤስ8 አካባቢ ነው፣ 5 ዋት ላይ ኤስ7 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ 1000 ዋት ብታደርጉት ደሞ ከኤስ9 በላይ 10 ዲቢ ነው በቃ። ከ5 እስከ 1000 ዋት 200 እጥፍ ነው አይደል? ሜትሩ ላይ ግን 4 ኤስ እንኳ አይሞላም።

ይሄን ደሞ ሞክሬው ነው የምላችሁ። ማርቆስ ጓሮ ውስጥ ከባህር ዛፍ ባህር ዛፍ በወጠርኩት የ7 ሜጋኸርዝ ዳይፖል (ከመሀሉ ወደ ሁለት ጎን የሚዘረጋ የሽቦ አንቴና) ቀን ላይ አዲስ አበባ ካለ ወዳጄ ጋር በ100 ዋት እያወራሁ ሳልነግረው ወደ 20 አወረድኩት፣ ወሬውን ቀጠለ። 5 ላይ ሳደርሰው ነው "ምነው ራቅክብኝ?" ያለኝ፣ ግን የተናገርኩትን በሙሉ ሰምቶታል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ አምፖሉንም ቻርጀሩንም ሲያበራ እሱ ጋር ሬድዮው ላይ የሚገባው ጫጫታ ኤስ7 ደረሰ፣ ያኔ 5 ዋቱ ጭራሽ ጠፋ፣ 100ው ግን ይሰማል። ስለዚህ ዋት ምንም አይጠቅምም የሚሏችሁንም አትስሟቸው፣ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፣ እሱም ሰሚው ጋር ያለውን ጫጫታ ለጥቂት ማለፍ ሲያቅታችሁ ነው። በክረምት መብረቁ 7 ሜጋኸርዝ ላይ ሲንጫጫ፣ እኩለ ቀን ላይ ዝቅተኛው ባንድ (የሞገድ ክልል) ሲታፈን፣ ብዙ ጣቢያ አንዱን ሰው ለመያዝ ሲሻማ፣ እዛ ላይ ሁለት ኤስ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዕቃው።

5 ዋት ገደማ ማለት እንደ ያኤሱ ኤፍቲ-818 እና አይኮም አይሲ-705 ያሉት ናቸው (818ቱ እስከ 6 ዋት ይደርሳል፣ 705ቱ በራሱ ባትሪ 5፣ ከውጭ 13.8 ቮልት ሲያገኝ 10 ዋት ይሰጣል)። ለእግረኛ ከዚህ የተሻለ የለም። ጮቄ ልትወጡ ከሆነ፣ ወይ ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ ልትሰሩ ከሆነ ሬድዮውም ሽቦውም ትንሿ ባትሪም አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። በሞርስ ኮድ ወይም በኤፍቲ8 (በኮምፒውተር አጫጭር መልዕክት የሚለዋወጡበት ዘዴ) ከሆነ 5 ዋት አውሮፓ ይደርሳል፣ አላጋነንኩም፣ ደሞ ከኢትዮጵያ የሚወጣ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ ኢቲ ብሎ የሚጀምር ጥሪ የሰማ ሰው ጆሮውን አቁሞ ነው የሚፈልጋችሁ። በድምፅ ግን ትዕግስት ይጠይቃል፣ ጀማሪ ሰው በመጥፎ አንቴናና በ5 ዋት ጠርቶ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ተስፋ ይቆርጣል፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የ705ቱ ዋጋ ደሞ 100 ዋት ከሚሰጠው አይሲ-7300 አያንስም፣ የምትከፍሉት ለትንሽነቱ ነው ማለት ነው። በእግር ካልዞራችሁ ምን ያደርግላችኋል?

20 ዋት ላይ ሺየጉ ጂ90 አለ። ዋጋው ከ7300ው ከግማሽ በታች ነው፣ ውስጡ ያለው ቱነር (አንቴናውን ከሬድዮው ጋር የሚያስማማው ክፍል) ደሞ ጎበዝ ነው፣ ርዝመቱ በትክክል ያልተለካ ሽቦ እንኳ ብዙ ጊዜ ያስማማዋል። ከ100 ዋት የሚያንሰው በ7 ዲቢ ብቻ ነው፣ አንድ ኤስ ከምናምን። ብራችሁ ውስን ከሆነ ይሄን ገዝታችሁ የተረፈውን አንቴና ላይ አውሉት፣ አትቆጩም።

100 ዋት ቤት ለሚያስቀምጥ ሰው የኔ ምርጫ ነው። 7300ው ቱነር አለው፣ ስክሪኑ ላይ ባንዱን በሙሉ ያሳያችኋል፣ ያኤሱ ኤፍቲ-891 ደሞ ትንሽና ቀላል ነው ግን ቱነር ውስጡ የለም። ዋናው ነገር 100ውን በፈለጋችሁ ሰዓት ወደ 5 ታወርዱታላችሁ፣ 5ቱን ግን ሌላ ዕቃ ሳትገዙ ወደ 100 አታወጡትም። "መብራት እየጠፋ 100 ዋት እንዴት ይሆናል?" ትሉኛላችሁ፣ ይሆናል። ጫፍ ላይ 20 አምፐር አካባቢ ይስባል እንጂ ሰው ሲያወራ ሁሌ ጫፍ ላይ አይደለም፣ ስትሰሙ ደሞ አንድ አምፐር ገደማ ነው፣ ከሰዓቱ ሩቡን ብቻ ብትናገሩ በሰዓት 3 አምፐር ሰዓት አካባቢ ነው የምትጨርሱት፣ ባለ 100 አምፐር ሰዓት የሶላር ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ እንኳ ከ15 ሰዓት በላይ ያሰራችኋል። ግን ከባትሪው ወደ ሬድዮው የሚሄደውን ሽቦ አደራ! በ1.5 ካሬ የቤት ሽቦ 5 ሜትር ርቀት ብትወስዱት በ20 አምፐር ከ2 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሬድዮው በተናገራችሁ ቁጥር እየጠፋ ይነሳል፣ እናንተ ሬድዮው ተበላሸ ትላላችሁ። ወፍራምና አጭር ይሁን።

1000 ዋት አምፕሊፋየር (የሬድዮውን ጉልበት የሚያበዛ ተጨማሪ ዕቃ) ላይ ብዙም አልቆይም። ብዙ ጊዜ ከሬድዮው ራሱ ይወደዳል፣ ከግድግዳ ወደ 2000 ዋት ይስባል፣ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ የሚደበዝዝበት ቤት ውስጥ ይሄን መጨመር ራስን ማስቸገር ነው፣ በ12 ቮልት ባትሪማ ከ160 አምፐር በላይ ስለሆነ አይታሰብም። የጎረቤት ቴሌቪዥንና ስፒከር ውስጥም ድምፃችሁ ሊገባ ይችላል። ይሄ ሁሉ ሆኖ የምታገኙት ሁለት ኤስ አይሞላም፣ ጆሯችሁንም አይጨምርላችሁም፣ ሰውየው ሰምቷችሁ እናንተ ካልሰማችሁት ምን ዋጋ አለው።

ቆላ ወርዶ የሚጮህ ሰውና አምባ ላይ ቆሞ የሚጣራ እረኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ እረኛው ሳይጮህ ማዶ ይሰማል። አንቴናም እንደዛ ነው። ለ7 ሜጋኸርዝ የሚሆን ዳይፖል በድምሩ 20 ሜትር ሽቦ ነው፣ ለ14 ደሞ 10 ሜትር፣ ባህር ዛፍ ሞልቶናል፣ ቀጭን ገመድ ድንጋይ ላይ አስራችሁ በወንጭፍ መወርወር ነው። ጎጃም ውስጥና አዲስ አበባ ለማውራት የ7ቱ ዳይፖል ከ6 እስከ 8 ሜትር ከፍታ ይበቃዋል፣ ሞገዱ ወደ ላይ ሄዶ ከሰማይ ስለሚመለስ የአባይ በረሃ አያግደውም። ባለ 3 ዘንግ ያጊ (ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥር አንቴና) ከዳይፖል አንጻር 5 ወይም 6 ዲቢ ይጨምራል፣ ዋቱን 4 እጥፍ እንደማድረግ ነው፣ ልዩነቱ ለመስማትም መጥቀሙ ነው።

በእጅ ሬድዮ ደሞ፣ 144 ሜጋኸርዝ ላይ፣ የዋት ነገር ከዚህም ያንሳል። 5 ዋት ባኦፌንግ ያለው ሰው 8 ወይም 10 ዋት ነው የተባለ ሌላ ሊገዛ ይነሳል፣ እጥፉ እውነት ቢሆን እንኳ ግማሽ ኤስ ነው። ማርቆስና ፍኖተ ሰላም መሀል ያለውን መሬት 50 ዋት የመኪና ሬድዮም አያልፈውም፣ ከ4000 ሜትር በላይ ካለው ጮቄ አናት ላይ ግን ያው 5 ዋት ብዙ አገር ያያል። ደሞ ኮአክሱን (ከሬድዮው ወደ አንቴናው የሚሄደውን ገመድ) ተመልከቱ፣ አርጂ-58 የሚባለው ቀጭኑ ኮአክስ 30 ሜትር ሲሆን በዚህ ባንድ ላይ ወደ 6 ዲቢ ይበላል፣ 50 ዋት ከታች ብታስገቡ 13 ዋት ገደማ ነው አንቴናው ጋር የሚደርሰው። ኮአክሱን መቀየር አዲስ ሬድዮ ከመግዛት ይረክሳል።

ፈቃዱን ሳታወጡ ግን ምንም አትግዙ፣ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ የሚፈቀድላችሁን ዋትም እዛው ጠይቁ፣ ያልተፈቀደ ጉልበት ያለው ዕቃ ገዝቶ ማስቀመጥ ብር ማባከን ነው። አሁን ገዝታችሁ ክረምት ከገባባችሁ ደሞ ደመናው ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ኮአክሱን ከሬድዮው ነቅላችሁ ጫፉን ከቤት ውጭ አድርጉት።